ስድስት ብርጭቆና አምስት ግራም

የምሠራው ጎማ ቤት ነው። ጎማ እነፋለሁ፤ ጎማ ከሌለ ወሬ እነፋለሁ። ሰፈርተኛው «ቱሪናፋ» ብሎ ስም ያወጣልኝ ለየትኛው ሥራዬ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተነጋግረን በሰላም ተለያይተናል፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አላስቸገርኩት።

ከዚህ በፊት ብዙ ነገር አውርቻለሁ። የከባድ መኪና ጎማ ከልክ በላይ ነፍቼ ሲፈነዳ አለቃዬ ከነወንበሩ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ እዚያው ሆኖም ሻዩን ጨረሰ ብዬ አውርቻለሁ። ያንን ያመነ ሰው የለም፤ እኔም ራሴ ከሁለት ቀን በላይ አላመንኩትም። የዛሬው ግን ስለ እህቴ እጅ ነው። በእህቴ እጅ አልቀልድም።

እታለም ታላቄ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሥራዋ አስተናጋጅነት ነው፤ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ባለች ጠባብ ምግብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ትሪ ተሸክማለች። ስድስት ብርጭቆ ውሃ እስከ ከንፈሩ ሞልታ፣ ትሪውን መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ በተጨናነቀ ሰው መሀል እንደ ዓሣ ተሹለክልካ ትወጣለች። አንዲት ጠብታ ጠብ አትልም። አንድ ደንበኛ እየሄደች ሳለ ወንበሩን ድንገት ወደ ኋላ ቢገፋባት ወገቧን ሰበር አድርጋ አለፈች፤ ውሃው አልሰማም።

ታዲያ በዚህ ዓመት ኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል ተሠራና አስተናጋጅ እፈልጋለሁ አለ። አመልካች ሁሉ ቪዲዮ ይላክ ተባለ፦ በቁመት የተቀረጸ፣ አንድ ደቂቃ የሚሆን፣ መሀሉ ያልተቆረጠ፣ ስድስት ሙሉ ብርጭቆ በትሪ ይዞ ደረጃ ሲወጣ የሚያሳይ፤ ፊትም ትሪም አብረው መታየት አለባቸው።

«ማን ይቀርጸኛል?» አለች።

ምላሴ ቀደመኝ። «እኔ እያለሁልሽ? የሦስት ሰው ሠርግ የቀረጽኩ ሰው! አንደኛውን እንዲያውም ከሚሄድ መኪና ላይ በአንድ እግሬ ቆሜ ነው የቀረጽኩት። ሙሽራዋ 'እንዴት እንዲህ ለሰለሰ' ብላ አለቀሰች።»

«የማን ሠርግ ነው?»

«አታውቂያቸውም። ሩቅ ናቸው።»

መዋሸቴን ታውቃለች። ግን ሌላ ሰው አልነበራትም፤ ሰው ለማስቸገርም አትወድም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ስልኳን ይዤ ከፊቷ ከፊቷ እያልኩ፣ በባዶ እጄ፣ የፎቃችንን ደረጃ የኋሊት እየወጣሁ ቀረጽኳት። መሀል ላይ የራሴ ቀልድ ትዝ አለኝና ሳቅኩ። ሳቁን ዋጥኩት፤ እጄ ግን አልዋጠውም። እሱም ተላከ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መልስ መጣ። «እናመሰግናለን። የአመልካቿ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ልንቀበል አልቻልንም። አሻሽሎ መላክ የሚፈልግ እስከ ቅዳሜ ቀትር ስድስት ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ይችላል» ይላል።

እታለም አነበበችው። ከዚያ እጇን አየችው፤ ሰው ፊት እንዳዋረዳት ልጅ አድርጋ አየችው። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሥራ ቦታዋ ብርጭቆ ሰበረች። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ከሰዓት ቤት ስትገባ ጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ፣ ጣቶቿን ፈልቅቃ ታይ ጀመር።

«እውነትም ይንቀጠቀጣል» አለች።

«እታለም፣ ያንቺ አይደለም። የኔ እጅ ነው። ስልኩ ነው የተንቀጠቀጠው።»

«ተው ባክህ። ልታጽናናኝ ነው።»

«በእናታችን ስም!»

«አለቃህ ጣሪያ ላይ ወጣ ያልከኝም በእናታችን ስም ነበር።»

በሕይወቴ ከተናገርኳቸው እውነቶች ሁሉ ትልቁን ተናግሬ የሚያምነኝ አጣሁ። ቪዲዮውን ደግማ ደጋግማ ታየዋለች፤ ትሪው ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳውም ይንቀጠቀጣል፣ አምፖሉም ይንቀጠቀጣል። እሷ ግን የምታየው ትሪውን ብቻ ነው። በወሬ የማይሆን ነገር ነው፤ ውሃው ቀጥ ብሎ የሚታይበት አንድ ደቂቃ ያስፈልጋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወገቤን ታጠቅሁ።

ሄድኩ ወደ ጋሽ ብልጭ። ጋሽ ብልጭ የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው በስድሳ ዓመታቸውም የራሳቸው ፍላሽ ሲበራ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ነው። እሳቸው ጋ ጊምባል የሚሉት ዕቃ አለ፦ ከታች እጀታ፣ ከላይ የታጠፈ ክንድ፣ ጫፉ ላይ ስልክ ቆንጥጦ የሚይዝ መንጋጋ። በውስጡ ትንንሽ ሞተሮች አሉት። ያንተ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሞተሮቹ በተቃራኒው እየሄዱ ስልኩን ባለበት ያቆዩታል።

«ነገ ከሰዓት ሠርግ አለብኝ» አሉ። «እስከ ሰባት ሰዓት እጄ ላይ ካልገባ በአንተ ቆዳ ነው አልበም የማሠራው።»

«ስድስት ተኩል ላይ አመጣዋለሁ ጋሽዬ።»

«ስማኝ። ይሄ ዕቃ ጉልበተኛ አይደለም፣ ዘዴኛ ነው፤ ሚዛን ይፈልጋል። መጀመሪያ ሳታበራው...»

«ጋሽዬ! ስለ ሚዛን ለኔ? በቀን ሃያ ጎማ የምመዝን ሰው እኮ ነኝ።»

«አንተ? አንተ የመዘንከው ጎማ የገጠመ ሰው መንገድ ላይ እየጨፈረ ነው የሚሄደው» አሉና ሰጡኝ። ያቋረጥኩባቸውን ንግግር እስከ መጨረሻው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይሄ ታሪክ ግማሽ ገጽ ይሆን ነበር።

ቤት ገባሁ። የእታለምን ስልክ ከነሽፋኑ መንጋጋው ውስጥ ከተትኩ። ሽፋኑ ወፍራም ነው፤ ጀርባው ላይ ፀጉሯን የምታይበት መስታወት ተለጥፎበታል። ከዚያ ማብሪያውን ተጫንኩ። ዕቃው አንገቱን ቀና አደረገ፣ ደግሞ ደፋ አለ፣ ደግሞ ቀና አለ፤ ከዚያ ወባ እንደያዘው ሰው ጥርሱን ያንገጫግጭ ጀመር።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያጠፋዋል። እኔ ግን የጎማ ሰው ነኝ። ጎማ ሲንቀጠቀጥ ምን ይደረጋል? እርሳስ ይለጠፍበታል። የጎማ እርሳስ ማለት ጀርባው ሙጫ ያለው ግራጫ ብረት ነው፤ እንደ ቸኮሌት የተከፋፈለ፣ ትልቁ ቁራጭ አሥር ግራም፣ ትንሹ አምስት። አለቃዬ ፊቱን ሲያዞር አንድ ረድፍ ኪሴ ከትቼ መጥቼ ነበር። በቀለለው በኩል አሥር ለጠፍኩ። ይንቀጠቀጣል። ሃያ። ይንቀጠቀጣል። አርባ ላይ ስደርስ ጸጥ አለ!

«እታለም! እታለም ነይ እይ!» ብዬ ጮህኩ። እስክትመጣ ድረስ በቁመት ላቆመው ብዬ ክንዱን ይዤ በጉልበቴ ጠመዘዝኩት። ቀጭ አለ። ደግሞ አንድ ሽታ መጣ፤ የጸጉር ማድረቂያ ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት። እጀታው ጋለ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለና ራሱን ደፍቶ ዝም አለ።

«ምን ልታሳየኝ ነበር?» አለች እታለም በሩ ላይ ቆማ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የሰው ዕቃ በእጄ፣ ቀነ ገደቡ ነገ፣ እህቴ ከፊቴ።

«ጋለብኝ» አልኳት። «ትንሽ ቢያርፍ...»

አጠገቤ ተቀመጠች። የለጠፍኩትን እርሳስ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቅ አለች፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

«አንተ፣ ትሪ ሲጫን አይተህ አታውቅም እንዴ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይንህ የት ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ትሪውን መጀመሪያ አንስቶ አየር ላይ ብርጭቆ የሚደረድር ሰው አለ? አስቀምጠህ ነው የምትደረድረው። ፊት ለፊት፣ ፊት ለፊት። ከዚያ መዳፍህን ከሥሩ ትሰድና ሆዱን ትፈልጋለህ። ሆዱን ስታገኘው ትሪው ራሱ ይነግርሃል። ያን ጊዜ ነው የሚነሳው። አንተ እያነሳህ ነው የምትደረድረው።»

ጎማስ ቢሆን እንደዚያ አይደል? መኪናው እየሮጠ ጎማ የሚመዝን የለም። ፈትተህ፣ አክስሉ ላይ ሰቅለህ፣ ትለቀዋለህ፤ የከበደው በኩል ራሱ ወደ ታች ይመጣል። ጋሽ ብልጭ «መጀመሪያ ሳታበራው» ብለው ያቋረጥኳቸው ይሄንኑ ሊሉኝ ነበር። ሞተሩን ሳላበራ መዝኜ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሥራ አይበዛበትም ነበር፤ እኔ ግን ያልተመዘነ ሸክም ላይ አርባ ግራም ጭኜ «ተሸከም» አልኩት።

ዕቃው እንዳይቃጠል በራሱ አስተውሎ ነው የጠፋው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሳበራው አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ አለ። ወዲያው አጠፋሁት። አሁን ሳይበራ ነው የሚሠራው። እርሳሱን ሁሉ ላጥኩ፣ ሽፋኑን ከነመስታወቱ አወለቅሁ። ስልኩን በመንጋጋው መሀል አስገባሁና ለቀቅሁት። በካሜራው በኩል ዘፍ አለ። ትንሽ ወደ ሌላው ወገን ገፋሁት፤ አሁንም ዘፍ አለ። በሩዝ ፍሬ ውፍረት ልክ ገፋሁት። አሁንም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስገፋ ስለቅ፣ ስገፋ ስለቅ ቆየሁ። ሊሆንልኝ ትንሽ ሲቀረው መንጋጋው የስልኩ ማጥፊያ ቁልፍ ላይ ደረሰና ስልኩ ድርግም አለ። ወደዚያ ከገፋሁት ይጠፋል፣ ወደዚህ ከመለስኩት ይዘነበላል።

«ተወው ወንድምዬ» አለች እታለም።

«ሞቼ እገኛለሁ።»

ከመሬት ላይ ከተጣሉት እርሳሶች ትንሿን አነሳሁ። አምስት ግራም። ከካሜራው ተቃራኒ፣ ከስልኩ ጀርባ ጠርዝ ላይ ለጠፍኳት። እጄን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ስልኩ አልወደቀም። ዘንበል አደረግሁት፤ ዘንበል እንዳለ ቆመ። ቀና አደረግሁት፤ ቀና እንዳለ ቆመ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የክንዱን ብሎን ላላ አድርጌ ርዝመቱንም እንዲሁ አስተካከልኩና አጠበቅሁት። ያን ጊዜ አበራሁ። ዝም። ጥርስ ማንገጫገጭ የለም። በቁመት ለማቆምም በጉልበት ሳይሆን ቁልፉን ሁለቴ ነካ አደረግሁ፤ ስልኩ እንደ ጨዋ ልጅ ራሱ ተነስቶ ቆመ።

ቀጥሎ የእኔ እግር ነበር። ጉልበቴን ሰበር አድርጌ፣ ጣቴን አስቀድሜ ተረከዜን እያስከተልኩ፣ ደረጃውን የኋሊት ስድስት ጊዜ ወጣሁ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ በመስኮት አዩኝና «ቱሪናፋ፣ ዛሬ ደግሞ ዳክዬ ሆንክ?» አሉ።

አምስት ሰዓት ሲሆን እታለም ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ወረደች። ስድስቱን ብርጭቆዎች ሞላች፣ ደረደረች፣ መዳፏን ከትሪው ሥር ሰደደች። አላነሳችም።

«ባፈስስስ?» አለች። ድምጿ የሷ አይመስልም።

«ካፈሰስሽ እቀርጸዋለሁ፣ እልከዋለሁም። ግን የሚንቀጠቀጠው የማን እጅ እንደሆነ ሁለታችንም እናያለን።»

አነሳች።

በመጀመሪያው ጉዞ አንደኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ቆሻሻ ልትደፋ ባልዲ ይዛ ብቅ አለች፤ ቆምን። በሁለተኛው ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ አንዱ ሰውዬ በሩን ከፍቶ «ውሃ ሊጠፋ ነው እንዴ?» አለ። ይሄ የኔ ዕዳ ነው። ባለፈው ወር በየበሩ እያንኳኳሁ «ውሃ ለአንድ ሳምንት ሊጠፋ ነው» ብዬ ነበር፤ ፎቁ በሙሉ ድስት ሳይቀር ሞልቶ ሦስት ቀን በባልዲ መሀል እየተዘለለ ነው የተኖረው። አሁን እህቴ ውሃ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ቢያየን ምን ይበል?

አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሆነ። እታለምን ታች አስቀምጬ በየበሩ ሄድኩ። ሦስት ፎቅ፣ በየፎቁ ሁለት በር። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ደረጃው ላይ እባብ ታይቷል» ብዬ እገላገል ነበር። ግን የኔን እባብ ሊያይ የማይወጣ የለም።

ባለ ባልዲዋን ሴትዮ «እትዬ» አልኳት። «ባለፈው የእህቴን ቪዲዮ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ የተንቀጠቀጠው የኔ ነው። እሷ ግን የራሷ መስሏታል። አንድ ደቂቃ ብቻ በርሽን ዝጊልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እውነትህን ነው?»

«ለምጄው ስለማላውቅ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እንደሱ ይመስለኛል።»

አልሳቀችም። ገባችና በሩን ዘጋች። ስድስቱም በር እንደዚያው ተዘጋ። ጡረተኛው ደግሞ የራሳቸው አልበቃ ብሏቸው የሕንፃውን ዋና በር ከውጭ ይዘው ቆሙ።

ሦስተኛው ጉዞ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። እታለም እግሯን አነሳች። እኔ የኋሊት፣ እሷ የፊት ለፊት፤ አርባ ስምንት ደረጃ። ከየበሩ ኋላ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ አንዱ ጋ ሬዲዮ ተቀነሰ። ከሃያኛው ደረጃ በኋላ እታለም ትሪውን ማየት ተወች። ዓይኗ ቀና አለ፣ ትከሻዋ ወረደ፤ አውቶቡስ ተራ ያለችውን እታለምን አየኋት።

ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ አራት ደረጃ ሲቀረን ተረከዜ ሳተ። አንድ ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ ዷ አለ፣ ክርኔ ግድግዳውን መታ። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር፤ ስልኩ ነገሩን እንዳልሰማ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እታለምም ስወድቅ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ መዳፏ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁና ቀሪዎቹን ወጣሁ። እላይ ስንደርስ ስልሳ አንድ ሰከንድ ሆኖ ነበር።

ትሪውን ወለል ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ከፈትነው። ደረጃው እንደ ወንዝ ወደ ታች ይፈሳል፤ በመሀሉ እታለም ትመጣለች፤ ስድስቱ ብርጭቆ ላይ ያለው ውሃ የተሰመረ ይመስላል።

«እዚህ ጋ እኮ ወድቀህ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«አይታይም።»

«አይታይም። እጄን ከመሀል ሳወጣው ይሄው ነው እታለም። ያኔም የኔው ነበር።»

ደግማ አየችው። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘርግታ አየችው፤ አሁን እንደ ባዳ አላየችውም።

«የሰበርኩት ብርጭቆስ?»

«እሱንም የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ጉልበቴን በመሀረብ ጠረገችልኝ፤ ከሚገባው በላይ ጨክና ነው የጠረገችው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው ላከችው። ጎረቤቶቹ በራቸውን ከፍተው ወጥተው ነበርና ስድስቱን ብርጭቆ አደለቻቸው፤ ጡረተኛው ሁለት ጠጡ።

ጊምባሉን በሰዓቱ መለስኩ። ጋሽ ብልጭ አፍንጫቸውን እጀታው ላይ ደፍተው አሸተቱት። «ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«መብረቅ መታው» የሚል ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። «ሳልመዝን አበራሁት» አልኳቸው። በጣም ስለደነገጡ መቆጣቱን ረሱት።

ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፦ «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጥቁር ጫማ አድርገሽ ነይ።» እታለም ሦስቴ አነበበችውና ስልኩን ሰጥታኝ ጫማዋን ልትቦርሽ ገባች።

ይኸው አሁን ሆቴሉ ውስጥ ናት። እኔም ጎማ ቤት ቁጭ ብዬ ለደንበኛ ሳወራ፣ እህቴ በአርባ ብርጭቆ አሥራ ሁለት ፎቅ ወጣች፣ እኔም ከፊቷ በጭንቅላቴ ቆሜ ቀረጽኳት እላለሁ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ትደርስብኛለች። «ሦስት ፎቅ፣ ስድስት ብርጭቆ ነው፤ በጭንቅላቱ አልቆመም፣ በጉልበቱ ወድቋል» ትላለች። ደንበኛው የሚያምነው ማንን እንደሆነ ሲቸግረው ስልኳን ታወጣለች። ሽፋን የለውም፤ ያቺ የአምስት ግራም እርሳስ ጀርባው ላይ እንደተለጠፈች ስለሆነ ሽፋኑ አይገባም። ላንሳልሽ ብያት ነበር። «አትንካት» አለችኝ።